የሚመታው ቤት

«ከቤተሰብ ስትሮክ የመታው ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው አለ?» አለችኝ ነርሷ።

«ሰኞ ብነግርሽስ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ክንዴ ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ ገና አየሩን አልጨረሰም ነበር።

«እህቴ፣ ፈተና አይደለም እኮ። አለ ወይም የለም ነው።»

ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ። እውነቷን ነው፤ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው። በአንደኛው ፊት «አለ»፣ በሌላኛው ፊት «የለም» ተጽፏል። «አጣርቼ ልምጣ» የሚል ሳጥን አልተሠራም።

ጤና ጣቢያ የሄድኩት ለራስ ምታት ነበር። ግፊቴ መቶ አርባ ሁለት በዘጠና ሁለት ሆኖ ተገኘ። ነርሷ «ትንሽ ከፍ ብሏል፣ እንከታተለዋለን» ብላ ነው ጥያቄውን ያነሳችው። እኔ ደግሞ የማላውቀውን ነገር አውቃለሁ ብዬ ወረቀት ላይ ማስፈር አልችልም። አንደኛ ክፍል የገባሁት በሃያ አንድ ዓመቴ ነው፣ እዚሁ መካነ ሰላም፣ በማታው ትምህርት። ልጅ ሲሳሳት መምህሩ ያርመዋል፤ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ሲሳሳት ግን ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። ስለዚህ ሳያጣራ እጁን አያወጣም። ያ ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አሁን የምሠራው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የታተመ መጽሐፍ ላይ ስሕተት ሳገኝ ኅዳጉ ላይ አርመዋለሁ። በእርሳስ ነው፤ በእስክሪብቶ አይደለም።

ነርሷ በመጨረሻ ሰልችቷት ሳጥኖቹን ባዶ ተወቻቸው። ልወጣ ስል የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ፤ «መቼም ማንበብ አይሰለችሽም» አለች። ወረቀቱ የስትሮክ ምልክቶችን ይዘረዝራል፤ እጅ ይዝላል፣ አፍ ይጣመማል፣ ንግግር ይተሳሰራል። ከሁሉ በታች በደማቁ የተጻፈው ግን ምልክቱ መጥቶ በጥቂት ደቂቃ ቢጠፋም ሰውየው ድኗል ማለት እንዳልሆነ ነው። ትልቁ ከኋላ ሊመጣ ስለሚችል ቶሎ መታከም አለበት ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ የፊደል ግድፈት የለበትም።

ስለ ቤተሰቤ የማውቀው ጥቂት ነበር። በእኛ ቤት ሰው አይታመምም፤ ይመታል። የሚመታውም ቤቱ ነው። አያቴን ቤቱ መታቸው ተባለና ቤቱ ፈረሰ፤ ከነበረበት መቶ እርምጃ ያህል ወደ ምሥራቅ ርቆ ተሠራ። አባቴን ደግሞ አዲሱ ቤት መታው። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። አርባው በወጣ በሳምንቱ ጎረቤት በደቦ ተሰብስቦ ክዳኑን ገፈፈ፣ ግድግዳውን አፈረሰ፤ እኛም ዕቃችንን ተሸክመን ወደ አንድ ጉብታ ሥር ወረድን። ምሰሶውን፣ ወራጁን፣ ማገሩን፣ የበሩን ሳንቃ ሳይቀር ነቅለን ነው የወሰድነው፤ እንጨት እንደ ልብ አይገኝም። በደንብ ከታሰበ የለወጥነው ቤቱን ሳይሆን ቦታውን ነው። ያኔ ግን ይህን የሚያስብ አልነበረም፤ እኔም ገና አልተማርኩም።

ቅዳሜ በባጃጅ እስከ መንገዱ ማብቂያ ሄጄ የቀረውን አንድ ሰዓት ተኩል በእግሬ ወጣሁ። ወንድሜን ያገኘሁት ጉብታው ላይ ገመድ ይዞ ሲለካ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ከተማ ገብቼ ልማር ስል አገሩ ሁሉ ሲስቅ፣ ስንቄን በአህያ ጭኖ የሸኘኝም እሱ ነው። ወንድምዓለም እለዋለሁ።

«ምን ትለካለህ?» አልኩት።

«ቤት።»

«ቤት እኮ አለህ። ያውልህ።»

«ያ ይፈርሳል» አለና ገመዱን ሳበ። የሚስበው በግራ እጁ ነው። ወንድሜ ግራኝ አይደለም።

ሚስቱን ከጓዳ አገኘኋት። «አፊያ ነሽ ወይ? ከተማው ደህና?» ብላ ሳመችኝና ወዲያው ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አልነገረሽም አይደል?»

«ምኑን እትዬ?»

«ባለፈው ሳምንት በሬ ሲጠምድ ቀንበሩ ከእጁ ወደቀ። ምነው ብዬ ባየው አፉ ወደ ግራ ሄዷል። የበሬውን ስም ሊጠራ ይፈልጋል፤ የሚወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ጮኼ ሰው ጠራሁ። ሰው ደርሶ በሬዎቹን እስኪፈታለት ድረስ አፉም ቀና፣ ቃሉም ተመለሰለት። ‹ማንም እንዳይሰማ፣ ቤቱ ጀመረኝ› አለና በማግሥቱ ገመድ ይዞ ወጣ።»

የታጠፈውን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ የመጨረሻውን መስመር ለአራተኛ ጊዜ አነበብኩት። የራሴ ሁለት ሳጥኖች ከዚያ በኋላ ብዙም አላሳሰቡኝም። ያሳሰበኝ ትልቁ ሳይመጣ ወንድሜን ነርሷ ፊት ያለው ወንበር ላይ እንዴት እንደማስቀምጠው ነበር።

መጀመሪያ ግን ማስረጃ ፈለግሁ።

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል። ከወንድሜ ቤት አጠገብ በራሳቸው ጎጆ ይኖራሉ። ጋብቻ ሲታሰብ ተጋቢዎቹ ዘመዳሞች እንዳይሆኑ ዘራቸው እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በአካባቢው ለዚህ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ማን ከማን እንደተወለደ ሲዘረዝሩ ትንፋሽ አይወስዱም። ማን በምን እንደ ሞተ ግን ጠይቋቸው የሚያውቅ የለም። ደብተሬን አውጥቼ ከፊታቸው ተቀመጥኩ።

«አያቴ በምን ሞቱ፣ አክስቴ?»

«መጋኛ መታቸው።»

«የት?»

«ደጃፍ ላይ። አንድ እግራቸው ውጭ፣ አንድ እግራቸው ውስጥ ሳለ።»

«ከዚያ በኋላ የትኛው ጎናቸው ነው አልታዘዝ ያላቸው?»

ጥቂት አሰቡ። «ውስጥ የነበረው።»

«ግራ ወይም ቀኝ፤ አልተረጋገጠም» ብዬ ጻፍኩ።

«አባቴስ?»

«አባትሽማ ከአውድማ ሲመለስ ላቡ ሳይደርቅ ገባ። ቤቱ አድብቶ ጠብቆት ነበር። እሱ በቀኙ ነው። ከዚያ በኋላ በግራ እጁ ነበር የሚያማትበው፤ ቄሱም እያዩ ዝም ይሉት ነበር።»

«አጎቴስ? እሳቸው የኖሩት አጅባር ነው፣ እህል እየነገዱ። እኛ ቤት መቼ ኖሩና መታቸው?»

«አባትሽ ሳይመታ በፊት ለገና መጥቶ አድሯል።»

«አንድ ቀን?»

«ሁለት። የተመታውም በዚያው ዓመት ነው።»

«ለገና ስንት እንግዳ ነው የሚያድረው! ሌላውን ለምን አልመታውም?»

«ሌላው ምን ዘመዳችን ነው!» አሉና ቀጥ አሉ። የተናገሩትን እሳቸው የሰሙት ከእኔ በኋላ ይመስለኛል። እጃቸውን ደብተሬ ላይ ጫኑት። «ይሄን አትጻፊው።»

«ለምን አክስቴ?»

«የወንድምሽ ልጅ ሃያ ሁለት ሞልቷታል። ሽማግሌ የሚላክበት ጊዜ ነው። ዘራቸው ይመታል ከተባለ ማን ይመጣል? ቤታቸው ይመታል ቢባል ግን ምንም አይደለም፤ ልጅቷ መቼም ባሏ ቤት ነው የምትሄደው።» ከዚያ ሰው ቢኖር እንደሚሰማቸው ሁሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ቤት እንደሁ ይፈርሳል፣ ይሠራል። ዘር ምኑ ይፈርሳል ልጄ?»

እስከዚያች ቀን ድረስ ቤተሰቤ ባለማወቅ ቤት ሲያፈርስ የኖረ ይመስለኝ ነበር። ለካስ የታሰበበት ነው። እኔ ከምጠብቃቸው መጻሕፍት መካከል ይህን ያህል ያልታሰበባቸው ብዙ ናቸው። ደብተሬን ዘጋሁ፤ የጻፍኩትን ግን አልሰረዝኩም።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜን እዚያው ጉብታው ላይ አገኘሁት። አዲሱ ቤት እዚያ ነው የሚሠራው።

«ከተማ ወርደህ ግፊትህን ተለካ» አልኩት። «ደም ብዛት ሳይኖርብህ አይቀርም።»

«ደም ብዛት የእናንተ የከተሜዎች ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ስትውሉ ደማችሁ ይጠራቀማል። የእኔ በላብ ይወጣል። ቢተርፍ ደግሞ ባለፈው ዋግምት ታግሜ ትርፉን በቀንድ አስመጥጬዋለሁ።»

«እጅህ ለምን ዛለ ታዲያ?»

ወደ ቤቱ ዞር ብሎ ሚስቱን በዓይኑ ፈለጋት። «ነገረችሽ?»

«ነገረችኝ።»

«ቤቱ ነው። አባታችን ሲመታ አንቺ ልጅ ነሽ፤ ከደጃፍ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቦታውን ከለወጥን በኋላ ይኸው ሠላሳ ምናምን ዓመት አንድ ሰው አልተመታም። አሁን ጊዜው ደርሶ ነው። ቦታም እንደ ማሳ ይደክማል።»

ክርክር ከገጠምኩ እንደምሸነፍ አውቃለሁ፤ ለእሱ መልስ የማይገኝለት ጥያቄ የለም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ሞከርኩ።

«እሺ፤ ቤቱን አፍርስ። ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልናገርም። የደቦው ቀንም መጥቼ ጭቃ እረግጣለሁ። አንተ ግን አንድ ጊዜ ትለካለህ።»

«አንድ ቃል አትናገሪም?»

«አንድ ቃል።»

«ወላሂ በይ።»

ሁለታችንም አንገታችን ላይ ማተብ አለ። ነገር ሲጠብቅ ግን ወንድሜ ከወላሂ በታች በሆነ መሐላ አይረካም።

«ወላሂ» አልኩት።

«ምስማር ልገዛ የምወርድ ዕለት» አለኝ።

ለምስማር የወረደው ሐሙስ ነው። ሚስቱም አብራው መጣች። ጤና ጣቢያው ስንገባ ነርሷ አወቀችኝ። «ሰኞ ያልሽው ሐሙስ ሆነ» አለች።

«የሚጣራው ሰው ብዙ ሆነብኝ» አልኳት።

ወንድሜ ምስማሩን ታቅፎ መለኪያውን ከሩቅ መረመረ። «መጀመሪያ ለእሷ አድርጊላት» አለ ወደ ሚስቱ እያመለከተ። ጨዋነት ለማስመሰል ሞክሯል፤ እውነቱ ግን ነገሩ ሌላ ሰው ላይ ሲሠራ ማየት ፈልጎ ነው።

የወንድሜ ሚስት ዘራችን አይደለችም። የመጣችው ከወንዝ ማዶ ነው፤ በሰባት ቤት እንደማንገናኝ የመሰከሩት ራሳቸው አክስቴ ናቸው። ስለዚህ የእሷ ቁጥር ደህና እንደሚሆን፣ የእሱ ከፍ እንደሚል ገመትኩ። ያን ጊዜ «አየህ? ቤቱ ቢሆን ኖሮ እሷንም በነካት ነበር» ልለው አረፍተ ነገሩን አዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። ወላሂ ያልኩት ትዝ ያለኝ ካዘጋጀሁት በኋላ ነው።

የእሷ መቶ ስድሳ ስምንት በመቶ ሆነ። ነርሷ ደግማ ለካች። ያው ነው።

ወንድሜ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። «አየሽ?» አለኝ። «ይቺ ምን ዘመዳችን ናት? ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ቤት ብትኖር አይደለም?»

ያዘጋጀሁትን አረፍተ ነገር በልቤ ሰረዝኩት። ዘግይቶ የተማረ ሰው የማይወደው ነገር ቢኖር የተከራካሪው ማስረጃ ትክክል ሲሆን ነው።

የእሱ መቶ ዘጠና አራት በመቶ አሥራ ሁለት ነበር። ነርሷ ቁጥሩን ጽፋ ወንበሯን አቀረበች። ስለ ቀንበሩ ነገርኳት። ሁለቱን እጆቹን አስጨበጠችው፣ ፈገግ በል አለችው፤ እሱም እንደ ፎቶ ተነሺ ፈገግ አለ። ከዚያ ሐኪሙ ጋ አስገባችውና መድኃኒት ታዘዘለት። ለሚስቱም ታዘዘላት።

«አባቴ፣ እስካሁን የቆሙት በእግዜር ቸርነት ነው» አለችው ሲመለስ። «አባትዎ፣ አያትዎ፣ አጎትዎ ከሆኑ እርስዎ ከሌላው ሰው ቀድመው መጠንቀቅ አለብዎት። ምግብ ላይ ጨው ታበዛላችሁ?»

«አናበዛም» አሉ ባልና ሚስት በአንድ አፍ።

እኔም «አያበዙም» ልል ነበር። ከዚያ ቅሉ ትዝ አለኝ።

አያቴ የጨው ነጋዴ ነበሩ። በበቅሎ ቆላ ወርደው፣ እንደ ጡብ የተጠረበውን አሞሌ ጨው ጭነው ደጋ ይወጡ ነበር። ጨው ብርቅ በነበረበት ዘመን ከእኛ ቤት ወጥ ጨው አይጎድልም፤ የቤቱ ኩራት እሱ ነው። እንግዳ የእኛን ወጥ ከሌላ ቤት ወጥ በአንድ ጉርሻ ይለየዋል። ሙሽራ ስትገባ አማቷ ከሁሉ አስቀድማ የምታስተምራት የጨዉን ልክ ነው፤ የቡናውን ሳይቀር። ጨዉ የሚቀመጠው ምሰሶው ላይ በሚንጠለጠል የአያቴ ቅል ውስጥ ነው። ቦታ ስንለውጥም ወደ አዲሱ ቤት ከዕቃ ሁሉ በፊት የሚገባው ያ ቅል ነው። ስምንት ዓመቴ ሳለ ታቅፌ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ ከዚያ የበለጠ ክብር አላገኘሁም።

«እናበዛለን» አልኳት ነርሷን።

ሁለቱም እንደ ከዳተኛ አዩኝ።

«ልኩን ነው የምንጨምረው» አለች ሚስቱ።

«ልኩ በማንኪያ ስንት ነው?»

«በማንኪያ ማን ጨመረ? እጅ ያውቀዋል እንጂ።»

ነርሷ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። ጨዉ ይቀነስ፣ አረቄው ይቅር፣ ጭሱ በመስኮት ይውጣ።

«ንዴትስ?» አለ ወንድሜ።

«ንዴትም ጥሩ አይደለም።»

«እንግዲያው ለዚች እህቴም አንድ ነገር ይታዘዝላት።»

ክኒኑ በየቀኑ፣ ሳይቋረጥ እንደሚዋጥ ስትነግረው «ቤቱን እስካዞር ነው?» አላት። የትኛውን ቤት እንደሚል ሳታውቅ «ካዞሩም በኋላ» አለችው። ጾም በመሆኑ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምንም እንደማይቀምስ ነገራት፤ «በዘጠኝ ሰዓት ይዋጡት፤ ግን ሁልጊዜ በዘጠኝ ሰዓት» አለችው። ይህን ወደደው። የእኔን ሁለት ሳጥኖች ያን ዕለትም ማንም አልሞላቸውም።

ደቦው የዋለው በሁለተኛው ሳምንት ነው። እንደ ቃሌ ሄጄ ጭቃ ረገጥኩ። አሮጌው ቤት ከረፋዱ በፊት ተገፎ አልቋል። ጉብታው ላይ ለምሰሶው ጉድጓድ ተቆፍሯል። ምሰሶው ሊተከል ሰዎች ተሸክመው ሲጠጉ ወንድሜ «ቆይ» አለና ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተንበርክኮ ከኪሱ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር አውጥቶ ከታች አኖረ። ጭቃዬን ትቼ ሄድኩ። ክኒን ነው፤ ግማሽ እሽግ፣ ከነመሸፈኛው።

«ወንድምዓለም፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት።»

«መድኃኒት መሆኑንማ አየሁ። ጉድጓድ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«የሚመታው ማን ነው? ቤቱ። ታዲያ ማን ይታከም?»

ምሰሶ የተሸከሙት ሰዎች ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«አንተስ አትውጥም?»

«እውጣለሁ እንጂ። አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን ለቤቱ አስቀምጣለሁ። እኩል ነው የተካፈልነው።»

ፊቱን አየሁት። በቀኝ በኩል ጉንጩ ትንሽ ዝቅ ያለ መሰለኝ፤ ምናልባት ፀሐይ ይሆናል። ቁጥሩ ትዝ አለኝ። አንድ ቀን እየዘለለ የሚዋጥ ክኒን ምን እንደሚጠቅም ወረቀቱ አይናገርም፤ ነርሷ ግን ተናግራለች። ልጮህበት አፌን ከፈትኩና መሐላዬ ያዘኝ። ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልናገርም ብያለሁ።

በዚህ መሃል ሚስቱ የጨውን ቅል ታቅፋ ከአሮጌው ቦታ መጣች። ቤቱ ገና ጉድጓድ ቢሆንም ልማድ ልማድ ነው፤ ቅሉ ይቀድማል። ጉድጓዱ ዳር አስቀመጠችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት ወንድሜን። «ስለ ቤት አይደለም።»

«ጠይቂ።»

«ከአያታችን ቤት ወደ አባታችን ቤት ስትዞሩ መጀመሪያ የገባው ምንድን ነው?»

«ቅሉ።»

«ከአባታችን ቤት አሁን ወደ ፈረሰውስ?»

«ቅሉ። አንቺ አይደለሽ ያስገባሽው?»

«ሁለት ጊዜ ቦታ ለወጥን፤ ነገርየውም ሁለት ጊዜ ተከተለን። በእግሩ አልመጣም። የተሸከመው ነገር አለ።»

ሰዎቹ ምሰሶውን መሬት ላይ አሳረፉት።

«ምሰሶውም መጥቷል» አለ ወንድሜ። መልስ አያጣም አላልኩም?

«አጎታችን አጅባር ምሰሶ አልወሰዱም። በርበሬያቸው ግን በየዓመቱ ከእኛ ቤት ነበር የሚላከው፣ ከዚህ ቅል ጨው ጋር ተደልዞ። ሚስትህ ዘመዳችን አይደለችም፤ ከዚህ ቅል ግን ሃያ ስድስት ዓመት በልታለች። ለገና የሚያድሩት እንግዶች አንድ ቀን ቀምሰው ይሄዳሉ። አጎታችንን የመታቸው በገና ማደራቸው አይደለም።»

ይህን ስናገር ሙሉውን እውነት እየተናገርኩ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ዘሩ አለ፣ ጭሱ አለ፣ አረቄው አለ። ሐሰት ግን አልነበረም። ኅዳግ ላይ በእርሳስ ሊጻፍ ይችላል።

ሁሉም ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ደቦውን ወደሚያዩት አክስቴ ዞረ። ቅሉ የአባታቸው ነው፤ ያለ እሳቸው ቃል የሚያስቀረው የለም። ቅሉን አዩት፣ ወንድሜን አዩት፣ ከሁሉም ረዘም አድርገው እኔን አዩኝ። ዘር የሚለውን ቃል እንዳልተነፈስኩ የገባቸው ይመስለኛል።

«ቅል ከሆነማ ቤት ከማፍረስ ይቀላል» አሉ። «ምነው ክዳኑ ሳይገፈፍ ብትናገሪ ኖሮ?»

«ቤቱን በተመለከተ እንዳልናገር ወላሂ ብዬ ነበር አክስቴ።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉ።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ቅሉን አነሳ። በቀኝ እጁ ነበር ያነሳው፤ ጥቂት ተንቀጠቀጠና በግራው ደገፈው። ብቻውን ወደ ፈረሰው ቤት ወርዶ በባዶው ምድጃ ጉልቻ ላይ አስቀመጠው። ሲመለስ ወደ ጉድጓዱ ጠቆምኩት።

«ቅሉ ካልገባ ይሄኛው ጤነኛ ነው። ድርሻውን አንተ ዋጠው» አልኩት።

ስለ ቤት እንደተናገርኩ ልብ አለ፤ በዓይኑ ነገረኝ። ግን ጎንበስ አለና ክኒኑን አውጥቶ አፈሩን አራግፎ ኪሱ ከተተው። ምሰሶው ተተከለ።

ከዚያ በኋላ ስለ ወጡ የተባለውን ሁሉ አልጽፍም። ሚስቱ ጨው በቆርቆሮ ጣሳ ማስቀመጥ፣ በሻይ ማንኪያም መስፈር ጀመረች። ወንድሜ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ዶሮ ወጥ ቀምሶ «ጾሙ አልወጣም እንዴ?» አለ። ጎረቤቶቹ እዚያ ቤት ሲጋበዙ ጨው በወረቀት ጠቅልለው በኪሳቸው ይዘው ይመጣሉ ተባለ፤ እኔ አላየሁም። ክኒኑን ግን በዘጠኝ ሰዓት ይውጣል። ጾም በሌለበት ቀንም ዘጠኝ ሰዓትን አልለቀቀም። እኔም ቤቴ ያለውን ጣሳ ለካሁት፤ ለብቻዬ ለምኖር ሰው የሚበዛ ሆኖ አገኘሁት።

ለትክክለኛነት ሲባል አክስቴንም መጻፍ አለብኝ። ሰኔ ላይ ለዓይናቸው ከተማ ወርደው ነርሷ ለካቻቸው። መቶ ሃያ በሰባ አምስት። ነርሷ ተደንቃ «እማማ፣ እንዲህ ያቆየዎት ምንድን ነው?» አለቻቸው። «ጨው» አሉ። ዘራችን ናቸው፣ ጎጆዋቸው እስኪሠራ በሦስቱም ቤት ኖረዋል፣ ከሁላችንም በላይ ጨው ይወዳሉ። ነርሷ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ይሄን ለሌላ ሰው እንዳትነግሪ» አለችኝ። ደብተሬ ላይ ግን አለ። ቅሉም የፈረሰው ቦታ ላይ አልቆየም፤ እሳቸው ጎጆ ውስጥ ተንጠልጥሏል።

መስከረም ላይ ወንድሜ ለክትትል ወረደ፤ አብሬው ገባሁ። መጀመሪያ ሚስቱ ተለካች፤ ይህ አሁን ሥርዓት ሆኗል። ከዚያ እሱ። መቶ ሠላሳ ስድስት በሰማንያ አራት። ከዚያች ከቀንበሩ ቀን ወዲህ ከእጁ የወደቀ ነገር የለም። ቀበቶውን በቀኙ ሲያስተካክል አየሁት።

ካርዱ ሞልቶ ስለነበር ነርሷ አዲስ አወጣች። ከላይ ጀምራ ስትሞላ ያው ጥያቄ ላይ ደረሰችና፣ መልሱን እያወቀችው፣ ለሥርዓቱ ጠየቀችው።

«ከቤተሰብ ስትሮክ የመታው ሰው አለ?»

«ነበረ» አለ ወንድሜ። «አሁን ቦታ ለውጠናል።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አንስታ ወደ እኔ አየች። እኔም በጣቴ «አለ» የሚለውን ሳጥን አሳየኋት። እሱን ግን «ልክ ነህ፣ ተስማምቶናል» አልኩት።